በአንበሳው ጎፈር ውስጥ ያለችው ሴትዮ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባደግሁበት ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ሲታይ ግማሹ «ፍቅር ይዞት ነው» ይላል፤ ግማሹ «ጠበል ውሰዱት» ይላል። መካነ ሰላም ላይ ግን እኔ ሳፈጥጥ የሚያስታምመኝ ጠፍቶ ከተማው በሙሉ አብሮኝ አፈጠጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ድርቁ አልፏል፤ ንጉሡም ከዙፋን ወርደዋል። መሥሪያ ቤቴ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ሲልከኝ በበረዶ የታጨቀ አንድ ሣጥን ክትባት፣ ሰው ሲያየው የሚሸሸው መርፌና መዥገር የምለይበት አጉሊ መነጽር አስታቀፈኝ። የተሳፈርኩበት ኤንትሬ የጭነት መኪና አቀስታ ላይ ተበላሸ። ሾፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ ሲያቃስት በረዶዬ ደግሞ በሣጥኑ ሥር እየተንጠባጠበ ጉዞውን ቀጠለ። መካነ ሰላም ስደርስ የቀረኝ ለብ ያለ ውሃ ነበር። ክትባት እንደ ኩሩ አማት ነው፤ አንዴ ከተቀየመ በሽማግሌም አይመለስ።

ባይቀየምስ የሚከተበው ከብት የታለ? ገበሬዎቹ ሣጥኔን እያዩ በሐዘኔታ «ዶክተር፣ ዘገየህ እኮ። ከብቶቹ ቀድመውህ ሄዱ» ይሉኛል። ዶክተር እንዳልሆንኩ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ፤ በሆዴ።

ሌላ ክትባት እስኪላክልህ ቆይ ተባልኩ። ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጨቀየ፤ መኪና ጠፋ። እኔም ገነት ሆቴል አልጋ ይዤ ሥራ ፈት ሆንኩ።

ገነት የሚለውን ስም ሰምታችሁ ምንጣፍና መስተዋት እንዳታስቡ። ሆቴሉን የከፈቱት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው አደም ይባላሉ፤ ሚስትየዋ ሐዋ። አደምና ሐዋ ሆቴል ከፍተው ሌላ ምን ሊሉት ኖሯል? አደም ከድርቁ በፊት አረፉ፤ እትዬ ሐዋ ቤቱን ብቻቸውን ያዙ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አልጋው ጠፍር፣ ሻዩ ማንኪያ የሚያቆም ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ የክርስቲያንና የእስላም ድስት ለየብቻ ይጣዳል፤ የእትዬ ሐዋ ቁጣ ግን ሃይማኖት አይለይም።

እንግዳ በሚቀመጥበት ትልቁ ክፍል፣ ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሥዕል ነው። የሣሉት አያ እርገጤ የሚባሉ ሰዓሊ ናቸው፤ ደሴ ከተማ በመጠጥ ቤት በርና በጭነት መኪና ጀርባ ላይ አንበሳ ሲስሉ የኖሩ። በድርቁ ዘመን ገበያው ሲሞትባቸው ከተራቡት ጋር በእግራቸው መጥተው እትዬ ሐዋ ደጃፍ ላይ ወደቁ። እትዬ ሐዋ አስገብተው አስታመሟቸው። ሲያገግሙ «እንዲሁ ተቀምጬ አልበላም፤ ግድግዳ ስጡኝ» አሉ። እትዬ ሐዋም ግድግዳውን ሰጡ፤ ትእዛዙን ደግሞ መረቁበት።

«ገነትን ሣልልኝ፤ ግን ራቁቱን የሆነ ሰው ቤቴ ውስጥ አይቆምም» አሉ። ስለዚህ የመካነ ሰላሙ አዳም ጋቢ ለብሷል። ሔዋን ሻሿን አስራ ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ወርዷል። «እባብም አልፈልግ፤ ደንበኛ ያሸሽብኛል» ሲሉ አያ እርገጤ ያለ እባብ ገነት አይሆንም ብለው ተሟገቱ። በስንት ሽምግልና እባቡ ገባ፤ ግን እንደ ጥጃ ከግንዱ ጋር ታስሮ። በመካከል ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ፣ ፍየል ጎኑ ላይ አስተኝቶ፣ ጎፈሩ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ ትልቅ አንበሳ ጋደም ብሏል።

መጀመሪያ ያየሁት ጆሮ ነው። ሻይ እየጠበቅሁ ዛፉ ላይ ያለ አንድ ቅጠል ጆሮ መሰለኝ። ረሃብ ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ፤ አሁንም ጆሮ ነው። ተነሥቼ ቀረብኩ። ጆሮው ፊት አለው። ፊቱ ጺም አለው፤ ከጺሙ በላይ ጥምጣም አለ። መዥገር መለያዬን ከኪሴ አወጣሁ። ከደሴ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘሁ ማለት ነው።

እናንተዬ! የዛፉ ቅጠል ግማሹ ፊት ነው። የፍየሏ ቀንድ የታጠፈ የሴት ክንድ ነው። አዳም የረገጠው ድንጋይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። የወንዙ ማዕበል ደግሞ ጎን ለጎን የተኙ ሕፃናት ናቸው፤ ውሃውን እንደ ነጠላ ለብሰዋል።

«እትዬ ሐዋ!» ብዬ ጮህኩ። «ይምጡ፤ ዛፍዎ ሰው አፍርቷል!»

እትዬ ሐዋ ማማሰያቸውን እንደያዙ መጡ። «አብሽር ልጄ፤ ሆድህ ባዶ ስለሆነ ነው። መጣልህ ሻዩ» አሉኝ።

መነጽሩን ሰጠኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፤ ከዚያ የተጨፈነውንም ከፈቱት። «ያ ረቢ! ይህ ሁሉ ሕዝብ አልጋ ሳይዝ ቤቴ ሲያድር የከረመ ነው?»

ይህን የሰማ ሁሉ መጣ። በገበያ ቀን ደግሞ ሰው አህያውን በር ላይ እያሰረ ይገባል። አንዱ የእባቡ ዓይን ውስጥ ጫማ አየሁ ይላል፤ ሌላው ጫማ ሳይሆን ዳክዬ ነው ብሎ ይምላል፤ ዳክዬ አይቶ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ቄሱና ሼሁ አብረው መጥተው መነጽሩን በየተራ ተቀባበሉ። ባለጥምጣሙን ሽማግሌ ሲያዩ ቄሱ «የኛ ናቸው» አሉ። ሼሁም «በየት በኩል? የኛ ናቸው እንጂ» አሉ። ጥምጣሙን ቢያገላብጡት ሁለቱንም ይመስላል። በመጨረሻ «ለማንኛውም ትልቅ ሰው ናቸው» ተባብለው፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን እንዲቀበል አንዱ በግዕዝ ሌላው በዐረብኛ ጸልየው ወጡ። እትዬ ሐዋ ሻይ ሻጭ መሆናቸው ቀርቶ ተራ አስከባሪ ሆኑ።

እኔማ ትዕቢት ገባብኝ። ሰው «ዶክተሩ ያሳየናል» ሲለኝ ደረቴን እነፋለሁ። አንድ ቀን ማንም ያልደረሰበትን የአንበሳውን ጎፈር ጫፍ ላሳይ ብዬ ጠረጴዛ ላይ በርጩማ ደረብኩና ወጣሁ። በርጩማው አንዱ እግሩ አጭር ነው። እንደዚያ ያለ በርጩማ መሬት ላይ ሲሆን ያወዛውዛል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ያበርራል። በረርኩ። የወደቅሁት ግን መሬት ላይ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት በበሩ ሲገባ በነበረው በቀበሌው ሊቀመንበር ላይ ነው።

ጓድ ሽፈራው ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሊቀመንበር ሆነ፤ ሜትሩን ግን ከአንገቱ አላወረደም። ስለ ሰፊው ሕዝብ ሲናገር እንኳ ዓይኑ የሰሚውን ትከሻ ይለካል። ከሥሬ ወጥቶ አቧራውን አራገፈና «ይህ ምን ስብሰባ ነው? ማን ፈቀደው?» አለ።

«ስብሰባ አይደለም፤ ሥዕል እያየን ነው» አልኩት።

«ብዙ ሰው አንድ ነገር ካየ ስብሰባ ነው» አለና መነጽሩን ከእጄ ወሰደ። ረጅም ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ሲቆም ጎፈሩ ጋ ደረሰ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ ከዚያ ደርቆ ቀረ። «ዘውድ!»

በዚያ ወቅት ዘውድ የሚለው ቃል ሰው ቤት ውስጥ ሲጠራ፣ ባለቤቱ በሩን ሊዘጋ ይሮጣል።

«ጎፈሩ ውስጥ ዘውድ ደብቀዋል። አንበሳ ከነዘውዱ! ይህ አድኃሪ አንበሳ ነው። ግድግዳው በኖራ ይቀባ!»

እትዬ ሐዋ ማማሰያቸውን ይዘው ወደ ፊት መጡ። «አንተ ሽፈራው!»

«ጓድ ሽፈራው ይበሉኝ።»

«ጓድ አንተ ሽፈራው! ሠርግህን የደገስነው እዚሁ ግድግዳ ሥር አይደለም ወይ? ያኔ አንበሳው አልነበረም?»

«ያኔ ንቃት አልነበረኝም» አለ ሽፈራው፤ ግን ዓይናቸውን ማየት አልደፈረም። ልጅ ሆኖ ያበሉት ነበር፤ መካነ ሰላም ውስጥ እትዬ ሐዋ ያላበሉት ሰው ቢፈለግ የሚገኝም አይመስለኝ።

እኔ ደፋር ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን የጫርኩት እሳት ሴትዮዋን ሊበላ ሲል አፌ ከኔ ቀደመ። «ዘውድ ላይሆን ይችላል፤ አንዴ ልየው» አልኩ።

ሽፈራው ወርዶ መነጽሩን መለሰልኝ፤ እንዲያውም ሁለተኛ እንዳልወድቅበት ነው መሰል በርጩማውን ራሱ ደግፎ ያዘልኝ። ወጣሁ። ዓይኔን አስጠግቼ ጎፈሩን ከሥሩ ጀምሬ ተከተልኩት። ጸጉር ነው ያልኩት ሁሉ ጸጉር አልነበረም። እያንዳንዷ ዘለላ ሰው ናት። በትር የያዘ ሰው፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ወገቡ የጎበጠ፣ ሌላውን የደገፈ፤ ሁሉም ቀጥነው፣ ሁሉም ተከታትለው በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ዘውድ የተባለው ከነዚያ አንዷ ሴት ራሷ ላይ የደፋችው ነው።

«እንቅብ ነው» አልኩ። «ባዶ እንቅብ ገልብጣ ደፍታ ነው።»

ሽፈራው ተመልሶ ወጣ። ለብዙ ጊዜ አየ። ሲወርድ ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም። «የድርቁ መንገደኞች ናቸው፤ በኛ ቤት በር ነው ያለፉት» አለ። በሁላችንም በር ነው ያለፉት።

ያኔ ዘይነባ «እኔም ልይ» አለች።

ዘይነባ የእትዬ ሐዋ የሥጋ ልጅ አይደለችም፤ ግን ልጃቸው ናት። በድርቁ ከእናቷ ጋር ከቆላ ሲሰደዱ አቀስታ አካባቢ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወርዶ መንገደኛውን በተነው። ልጅቷ ከሌሎች ሰዎች ጋር መካነ ሰላም ደረሰች፤ እነሱም እናትሽ ሞታለች አሏት። እትዬ ሐዋ አስጠግተው አሳደጓት፤ አሁን ለዐቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ ሆናለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ሻይ ስትቀዳ ደግሞ ስኳር አትሰስትም፤ ስኳሩ የእትዬ ሐዋ ስለሆነ።

መነጽሩን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ወጣችና ሰልፉን በጣቷ ተከተለች። «ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚሄዱት» አለች። «እሷ ብቻ ዞራለች። ወደ ኋላ ነው የምታይ።»

እውነቷን ነው፤ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

«እናቴ ናት» አለች ዘይነባ። «እኔን ነው የምትፈልግ።»

ሴትዮዋ ጥፍር ታክላለች። ፊቷ ሁለት ነጥብና አንዲት ጭረት ነው፤ አንገቷ ላይም ጥቃቅን ጭረት አለ። ከዚህ ተነሥቶ የማንንም እናት መለየት እንደማይቻል ላስረዳ አፌን ስከፍት እትዬ ሐዋ እግሬን ረገጡት።

አያ እርገጤ አቀስታ ሱቅ በር እየሳሉ ይኖራሉ ተብሎ ይወራ ነበር። ሞተች የተባለች እናት ልጇን ስትፈልግ ከተሣለች ከዶፉ ተርፋለች ማለት ስለሆነ፣ የት እንዳዩዋት ሄዶ የሚጠይቃቸው ሰው ተፈለገ። ሁሉም እኔን አየኝ። ልከራከር አሰብኩ፤ ግን ምን ሥራ አለብኝ ልበል? ሽፈራውም «ኖራው ዶክተሩ እስኪመለስ ይቆይ። ጉዳዩ ግን አልተዘጋም» አለ።

በማግሥቱ ማለዳ እትዬ ሐዋ ስንቅ ቋጠሩልኝ፤ ደሴ ደርሶ መልስ የሚያበላ። በር ላይ የጋቢዬን ጫፍ ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ብታገኛት…» አሉና አቆሙ። ወደ ወጥ ቤቱ አዩ። ዘይነባ እንጨት ትፈልጣለች። «ብታገኛት ይዘሃት ና። ልጅቱን ወደዚያ ላኩልኝ ብትልህ እሺ እንዳትላት። እኔም… ለማንኛውም ይዘሃት ና» ብለው ገቡ።

ቄሱ በቅሏቸውን አዋሱኝ። በቅሎ ብልህ ናት ይባላል፤ ይህቺኛዋ ከኔ የመርፌ ሽታ ሳይሸታት አልቀረም። ልቀመጥባት ስል ትዞራለች፤ ስዞር ትዞራለች፤ ተያይዘን ስንዞር የመካነ ሰላም ሰው ከየበሩ ወጥቶ ተመለከተን። በመጨረሻ ኮርቻውን እሷ፣ ስንቁን እኔ ተሸክመን በእግር ሄድን። አድሬ ውዬ አቀስታ ስደርስ ብርዱ አፍንጫዬን ከፊቴ ለይቶ ሊወስደው ደርሷል።

አያ እርገጤን አንድ ሱቅ በር ላይ ዶሮ ሲስሉ አገኘኋቸው። አጠር ያሉ፣ ጺማቸው ላይ ቢጫ ቀለም የተረጨባቸው ሽማግሌ ናቸው። «አንበሳ ቀርቷል» አሉኝ ሰላምታዬን ሳልጨርስ። «አሁን ዶሮ ነው የምስለው። ዶሮ ላይ እስካሁን ማንም ነገር አልተናገረ።»

ከመካነ ሰላም መምጣቴን ስነግራቸው ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «እትዬ ሐዋ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ግን እርስዎ ግድግዳቸው ላይ ሰው ደብቀው ሄደዋል ተብለው ተከሰዋል።»

«እኔ ሰው አልደበቅሁም» አሉ አያ እርገጤ፤ ቅር ብሏቸው። «እትዬ ሐዋ ገነት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ መጽሐፉም የሚለው ያንኑ ነው። ግን እነዚያ ከቆላ የተሰደዱ ሰዎች ከደሴ ጀምሮ ከኔ ጋር ነው የመጡት። ግማሾቹ መንገድ ላይ ቀሩ። እኔ ገብቼ ስበላ እነሱን ደጅ ልተዋቸው? እንደምንም ቦታ አብቃቅቼ አስገባኋቸው።»

ስለ ዘውዱ ልቀልድ ያዘጋጀሁት ተረሳኝ። ባለ እንቅቧን ሴት ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ዞራ የምታየዋን? ስሟን አላውቅም። እዚሁ አቀስታ መግቢያ ላይ ነው ያየኋት። እንሂድ ብንላት እምቢ ብላ ቆማ ቀረች። ልጇ ጠፍቶባት ነበር።»

«እሷ ናት!» ብዬ ጮህኩ። በማግሥቱ ገበያ ነው። አያ እርገጤ የሴትዮዋን መልክ ካርቶን ላይ በከሰል ሣሉልኝና ገበያ መካከል ይዘን ቆምን። ሰው ወዲያው ከበበን። አንዱ «ይህችን አውቃታለሁ፤ አማቴ ናት፤ ግን ባታገኟት ይሻላል» አለን። ሌላው ሥዕሉን ተሳልሞ አለፈ። አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸውን አቅርበው «የኔንም ሣሉልኝ» አሉ። ብንጠይቅ ብንጠይቅ ወሬ እንጂ ሴትዮ ጠፋች።

ተስፋ ስቆርጥ በአንድ ጤፍ ነጋዴ ጆንያ ላይ ወጣሁና ባለኝ ድምፅ ጮህኩ። «ዘይነባ የምትባል ልጅ በድርቁ የጠፋችባት እናት አለች? ልጅቱ መካነ ሰላም በሕይወት አለች!» ነጋዴው ከጆንያዬ ውረድ እያለ እግሬን ይጎትታል፤ እኔ እጮሃለሁ።

የተፈተለ የበግ ሱፍ ከሚሸጡ ሴቶች መካከል አንዲቱ ተነሡ። ቀጠን ያሉ፣ አንገታቸው ድረስ የተሸፋፈኑ ሴት ናቸው። እንዝርታቸው ከእጃቸው ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ፤ ዞረው አላዩትም። ሕዝቡን እየገፉ አጠገቤ ደረሱ።

«ስትስቅ» አሉኝ በቀስታ፣ «ስትስቅ እጇን ምን ታደርገዋለች?»

«አፏን ትሸፍንበታለች» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። «ቀብረናታል ብለውኝ እኮ ነው» አሉ። «ከዛፍ ሥር ቀበርናት ብለውኝ፣ ዛፉን አሳዩኝ። በየጊዜው እየሄድኩ አለቅስ ነበር። ማንን ነው ያለቀስኩት?»

እኔ ደግሞ በደነገጥኩ ቁጥር የማይረባ ነገር ነው የምናገረው። «ደህና ናት እኮ! ሻይ ላይ ስኳር ታበዛለች እንጂ ሌላ ምንም ችግር የለባትም» አልኳቸው።

እሳቸው እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ሲስቁ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። አያ እርገጤ ሴትዮዋን አዩ፤ ካርቶኑን አዩ፤ ከዚያ ካርቶኑን አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱት። እኔ በደስታ ሰክሬ ስለነበር ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሴትዮዋ ፋጡማ ይባላሉ። በዶፉ ዝናብ ትኩሳት ይዟቸው አቀስታ ወድቀው፣ ያስጠጓቸው ሰዎች ጋ ሱፍ እየፈተሉ ሲኖሩ ነበር። በቅሎዋ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያቺ እኔን ያዞረች ጉድ፣ እሳቸው ሲቀመጡባት ነቅነቅ እንኳ ሳትል እንደ ሙሽራ ተሸክማ ሄደች። እኔ ጭቃ ለጭቃ ከኋላ ተከተልኩ። መንገዱን በሙሉ ስለ ልጅቱ ሲጠይቁኝ ዋሉ፤ ትበላለች ወይ? አሁንም ነጎድጓድ ትፈራለች ወይ? ቁመቷ ምን ያህል ሆነ? ቁመቷን በእጄ ሳሳያቸው አላመኑኝም፤ እጄን ዝቅ አድርገው መለሱት።

መካነ ሰላም ስንደርስ ዘይነባ ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ እየተመለሰች ነበር። እንስራዋ ምን እንደሆነ እንድነግራችሁ አትጠብቁኝ፤ ማናችንም ወደ እንስራው አላየንም። እናትና ልጅ ሲገናኙ እልል የሚባል ይመስለኝ ነበር። ድምፅ አልነበረም። እናትየዋ ግን የልጅቱን ጆሮ፣ ቅንድብ፣ ትከሻ አንድ በአንድ ይዳስሳሉ፤ ሽፈራው ልብስ ሲለካ እንኳ እንዲያ አይጠነቀቅም።

እትዬ ሐዋ የክት ሻሻቸውን አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። «ግቢ እህቴ» አሉ ድምፃቸውን አጠንክረው። «አደራሽን ጠብቄያለሁ። ዐይተሽ ተረከቢ» ካሉ በኋላ ግን የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

እትዬ ፋጡማ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። «እኔ በቀበርኳት ልጅ ላይ ምን መብት አለኝና ነው የምረከብ?» አሉ። «ወላሂ አልነጥቅሽም። እዚህ አገር በግ አለ?»

«በግማ ሞልቷል» አሉ እትዬ ሐዋ እያለቀሱ።

«በግ ካለ ሱፍ አለ። ሱፍ ካለ እኔ ሥራ አላጣም» አሉ እትዬ ፋጡማ። በዚያው ተወሰነ። ሁለቱ ተቃቅፈው ወደ ውስጥ ሲገቡ እኔ እርጥብ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደጅ ቀረሁ፤ በቅሎዋ ብቻ ዞራ አየችኝ።

በማግሥቱ ሽፈራው መጣ፤ አንድ ባልዲ ኖራና ብሩሽ ይዟል። ከበላይ መጠየቁ አይቀርም፣ ውሳኔ ያስፈልጋል አለ። ከተማውም ተከትሎት መጣ። «እናትየዋ ራሳቸው ይመስክሩ» ተባለ። ጠረጴዛ ቀረበ፤ በርጩማውን ግን እኔ ራሴ ከክፍሉ አስወጣሁት። ዘይነባ እናቷን ደግፋ አወጣቻቸው። እትዬ ፋጡማ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጎፈሩን ከሥሩ ጀምረው አዩ። አንዳንዱ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ባለ እንቅቧ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ።

ሽፈራው ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከረ።

«እኔ እንቅብ አልያዝኩም ነበር፤ ገና ከቤት ስንወጣ በቂጣ ለውጠነዋል። ይህቺ ደግሞ አንገቷ ላይ ንቅሳት አለባት፤ እኔ የለኝም።» ሻሻቸውን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አሳዩን። ንጹሕ ነው።

የአያ እርገጤ ካርቶን ለምን እንደታጠፈ ያኔ ገባኝ። እኛ ሌላ ሴት ስንፈልግ ነው እሳቸውን ያገኘናቸው።

ዘይነባ መነጽሩን ተቀብላ ደግማ አየች። «ታዲያ እኔን ካልሆነ ዞራ የምታየው ማንን ነው?»

«የራሷን ልጅ ነዋ» አሉ እናቷ።

ሽፈራው ባልዲውን እንደያዘ ቆሟል። ኖራው ከባልዲው ጠርዝ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ ፋጡማ ከጠረጴዛው ሳይወርዱ ወደ እሱ ዞሩ። የቀበሌ ሊቀመንበር መሆኑን የነገራቸው የለም፤ ግድግዳ የሚቀባ ሠራተኛ መስሏቸዋል። «የኔ ልጅ፣ ይቺን እንዳትነካብኝ» አሉት። «ልጅ አላት። ልጁ አንድ ቀን በዚህ በኩል ቢያልፍ በምን ያገኛታል?»

ሽፈራው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ ምን እንደሚለካበት ግራ ገብቶት መልሶ አንገቱ ላይ አደረገው። «እሺ እማማ» አለ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገና «ጓዶች፣ በተደረገው ማጣራት ዘውድ አልተገኘም» ብሎ ባልዲውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ። ኖራው እንዳይባክን የእትዬ ሐዋን መጸዳጃ ቤት በእጁ ቀባላቸው፤ እውነቱን ለመናገር እንደ ስፌቱ ሁሉ ቅቡም ያምርለታል።

ክትባቱ በመጨረሻ ደረሰና እኔም ከድርቁ የተረፉትን ከብቶች ከትቤ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከመካነ ሰላም የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይነግረኛል። ገነት ሆቴል የገባ እንግዳ ሳይቀመጥ፣ እትዬ ሐዋና እትዬ ፋጡማ ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል። ከቆላ ነኝ ካለ ሻይ ከማዘዙ በፊት ክንድና ክንዱን ይዘው ግድግዳው ፊት ያቆሙታል፤ ምናልባት የባለ እንቅቧ ልጅ ይሆናል ብለው፣ ከጎፈሩ ውስጥ አንድ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየው ድረስ አይለቁትም።